መርካቶ፦ ከሱቆቹ ጀርባ ያሉት መማሪያ ክፍሎች

ነሐሴ ሲጋመስ መርካቶ የሚሄዱት ለደብተር፣ ለቦርሳና ለጫማ ነው። የልጅዎ የግል ትምህርት ቤት የሰጠዎትን ዝርዝር ይዘው በጅምላ ዋጋ ሲከራከሩ፣ ከጀርባዎ ያለውን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ልብ ሳይሉት አልፈው ይሆናል። ቢያስተውሉትም ጥያቄዎ የታወቀ ነው፦ «እዚህ ይማራሉ እንዴ?» በዚህ ወር በዚያ በር ገብተን ጥያቄውን በቁም ነገር እንጠይቀው።

ከመግባታችን በፊት ሰፈሩን እንይ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት፣ በየተራው ከተመው የቀሩት ነጋዴዎች ልጆቻቸውንም እዚሁ አሳደጉ። አኑዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ እዚሁ ተጎራብተው ይታያሉ፤ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ መንደር ይሰማሉ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር፤ ስፋቱ ደግሞ ከ8 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እግር ኳስ ሜዳ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አረንጓዴ ስፍራ ያለው ሰፊ ግቢ የሚጠብቁ ከሆነ መሬቱ ከየት ይመጣል?

ይህ ጥያቄ ተራ ቅሬታ እንዳይመስልዎ፤ ነጥብ ያስቀንሳል። የትምህርት ሚኒስቴር ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው በሦስት ነገር ነው፦ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ። ግብዓት ማለት ሕንፃው፣ ግቢው፣ መምህሩ፣ መጽሐፉ ነው። ሂደት ማለት ማስተማሩ፣ ክትትሉ፣ የወላጅ ተሳትፎው። ውጤት ደግሞ በአመዛኙ ልጆቹ ያመጡት ነጥብና ትምህርታቸውን ያቋረጡት ብዛት ነው። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ70 በታች ደረጃ 2፣ ከ90 በታች ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። መስፈርቱን አሟልቷል የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው።

መመዘኛው መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ሌላ ቦታ ወላጅ የሚመካበት «ስሙ የተጠራ» የሚለው ወሬ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ የተሻለ ነው። ግን መርካቶ ላይ ሲያርፍ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ማን እንደሚማር አይጠይቅም።

ማን ነው የሚማረው? ሱቅ ያለው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ልጁን የሚልከው ወደ ግል ትምህርት ቤት ነው፤ ጠዋት ልጆቹን አድርሶ ወደ ተራው ይመለሳል። በመንግሥት ትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ በብዛት የሚያገኙት የወዛደሩን፣ የጀብሎውን፣ በበርበሬ በረንዳ በርበሬ የምትቀነጥሰውን፣ ሚናለሽ ተራ ውስጥ ከአሮጌ ጎማ በርባሶ የሚሠራውን ሰው ልጅ ነው። ቤታቸው ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ፣ ኦሮምኛ የሚነገርባቸው ልጆች ከአማርኛው ፊደል ጋር ይጋፈጣሉ። ከገጠር ዘመድ ቤት «ይማር» ተብሎ መጥቶ ከትምህርት በኋላ ሱቅ የሚጠብቅም አለ። የእነዚህ ልጆች ቤተሰብ ኪራይ ሲወደድበት ወይም መንደሩ ለልማት ሲነሣ ሰፈር ይለቃል፤ ልጁም መሸኛ ተጽፎለት በዓመቱ አጋማሽ ይሄዳል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ አካባቢ እንደተነሣው ያለ እሳት ደግሞ ሱቅ ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፤ በዚያ ሱቅ በር ተሸክሞ የሚያድረው አባት ገቢም አብሮ ይቆማል።

እስቲ በምሳሌ እናስላው። አንድ ክፍል መስከረም ላይ 60 ልጆች ይዞ ጀመረ እንበል። እስከ ጥር 12ቱ ለቀቁ፣ 14 አዳዲስ ገቡ። ሰኔ ላይ የሚለጠፈው አማካይ ውጤት የ62 ልጆች ነው፤ ከእነሱ 14ቱን ትምህርት ቤቱ ያወቃቸው ለግማሽ ዓመት ብቻ ነው። ሄደው ሌላ ቦታ ጎበዝ የሆኑት 12ቱ ደግሞ እዚህ አይቆጠሩም። ባለ መኪና ቤተሰብ ያሉት ትምህርት ቤት ይህ ችግር የለበትም፤ ከዚያም አልፎ አስጠኚ ቀጥሮ ቤት ውስጥ የሚያስተምረው ወላጅ ያመጣውን ነጥብ ትምህርት ቤቱ በስሙ ያስመዘግባል።

ይህን ስል ግን ለደካማ ማስተማር ሽፋን እንዳልሰጥ እፈራለሁ። ድህነት ልጅ ማንበብ አይችልም ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ በ2015ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። የኋለኛው ቁጥር ሁላችንንም አስደንግጧል፤ ሥሩ ያለው ግን የመጀመሪያው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ግቢውን ከጎበኙ፣ የቢሮው ግድግዳ ላይ ያለውን ደረጃ ካዩ በኋላ ርእሰ መምህሩን ሌላ ነገር ይጠይቁ። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እዚሁ የቆዩት ልጆች በ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ምን አመጡ? ከሦስት ዓመት በፊትስ? በገበያው ግርግር ቀናት፣ ለምሳሌ በገናና በዒድ ዋዜማ፣ ስንት ልጅ ይቀራል? ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ የሚጠራው ስንት ሰዓት ላይ ነው? (ተሸካሚ አባት በሥራ ሰዓት ስብሰባ ተጠርቶ አልመጣም ቢባል አይፍረዱበት።) ከዚያ ፈቃድ ጠይቀው አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ከማያውቀው ገጽ ጥቂት መስመር እንዲያነብልዎ ያድርጉ። ይህ ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ይነግርዎታል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ደብተርና የደንብ ልብስም ይሰጣል። በመርካቶ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባዶ ሆድ ይዞ የሚያንቀላፋ ልጅ ፊደል እንደማይገባው መምህራኑ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። አሁን ልጅ ለመቅረት የሚያስብበት ቀን ምሳው ይጎትተዋል። እርስዎ በነሐሴ የገዙት ባለ 50 ሉክ ደብተር ዓይነትም እዚያ ወንበር ላይ ይገኛል፤ ልዩነቱ አንዱ ከኪስ፣ ሌላው ከከተማው ካዝና መምጣቱ ነው።

ሲመሽ በየሱቁ መዝጊያ ሲወርድ ያልፉ እንደሆነ፣ የማታ ትምህርት በሚሰጥባቸው ግቢዎች መብራት ይበራል። የሚገቡት የሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶችና ቀን ሲሸከሙ የዋሉ ወጣቶች ናቸው። ጠዋት የ2ኛ ክፍል ልጆች የተቀመጡበት አጭር ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ፊደልም የጠዋቱ ነው።