ጡረታ መውጣት ወዴት ነው?

በአማርኛችን ሰው ጡረታ «ይወጣል»። ወዴት እንደሚወጣ ግን ቋንቋው አይነግረንም። ከደመወዝ መዝገብ ወጥቶ በጡረታ መዝገብ መስፈሩን እናውቃለን፤ ከዚያ በኋላ እግሩ የት እንደሚያርፍ ብዙም አንጠይቅም። ደጋ ተወልዶ ቆላ ወርዶ ላገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ቃሉ ሌላም ፍቺ አለው። ጎንደሬው ወደ መተማ «ይወርዳል»፣ ከመተማ ወደ ጎንደር «ይወጣል»። እንግዲህ መተማ ላይ ሥልሳ ዓመት የሞላው ሰው ጡረታ ወጣ ሲባል ዘመድ ሁሉ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ ሻንጣውን ይዞ፣ አቀበቱን ጨርሶ፣ ቤቱ ገባ።

አጎቴ ይህን ፍቺ አልተቀበሉትም።

በመተማና በአካባቢው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ልጆቹን ይዘው ጎንደር ኖሩ። ይህ ዓይነቱ ኑሮ በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። ባል ቆላ፣ ሚስት ወይናደጋ፤ ደመወዙ ከበረሃ አበሉ ጋር ሽቅብ ይላካል፤ ሰውዬው ራሱ የሚታየው ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ደገኛው ቆላን የሚያውቀው እንዲህ ነው። ቆላ ይሠራበታል፣ ሰሊጥ ይታጨድበታል፣ ዕጣን ይለቀምበታል፤ ገንዘቡ ሲገኝ ግን ተይዞ ይወጣል እንጂ አይታረጅበትም። አጎቴ በ2013 ዓ.ም. ጡረታቸውን ሲያስከብሩ እትዬ የፊት ለፊቱን ክፍል አስቀብተው ጠበቋቸው። መጡም። ከኅዳር እስከ ጥር ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ሲጠብቁ ከረሙ። በየካቲት ወረዱ።

እኔ ያገኘኋቸው በተከታዩ ዓመት ነው፤ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሦስት ሳምንት እሳቸው ዘንድ ተቀመጥሁ። ከአዘዞ የተነሣ አውቶቡስ የቆላን ትምህርት በየጣቢያው ይሰጣል። አዘዞ ላይ ተሳፋሪው እንደተከናነበ ነው። አይከል ቁርስ ተበልቶ ቁልቁለቱ ሲጀመር ጋቢ ይታጠፋል። ነጋዴ ባሕር ሲደርሱ ኮት ይወልቃል፤ ገንዳ ውሃ ላይ ደግሞ መስኮቱ ይከፈት የሚለው ወገን «ብርድ መታኝ» የሚሉትን እናት ድል ይነሣል። ስሌቱ ቀላል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ መተማ ዮሐንስ ከተማ 700 ሜትር ግድም ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 9 ዲግሪ ያህል ይወረዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የመተማ ቆላ 40 ዲግሪን አልፎ እስከ 43 ሊደርስ ይችላል።

ዲግሪው ግን ለአንድ ጡረተኛ ብዙም አይነግረውም። እኔ መተማ ላይ የተማርሁት የአየር ጠባይ መጀመሪያ የሚነካው ሰዓትን መሆኑን ነው። አጎቴ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣሉ። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የታመመ መጠየቅ፣ የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ፣ ሁሉም እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ማለቅ አለበት። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው የለም ማለት ይቻላል። ውሻው ከእንስራው ሥር፣ ባለ ሱቁ ከባንኮኒው ኋላ፣ ሹፌሩ ከመኪናው በታች ይተኛል። በዚያ ሰዓት እንግዳ ሆኖ የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው፤ እኔ አንድ ቀን ላደርገው ስነሣ አጎቴ በእጃቸው ብቻ መለሱኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃ ይረጫል፣ ወንበር ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፤ ከዚያ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ድረስ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ነው።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ አንድ ማታ፣ «ጎንደር ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብርዱ በር ያዘጋል። እኔና እትዬሽ ቴሌቪዥኑን ስናይ እናመሻለን። እዚህ ቀትሩን ይወስድብኛል፣ ማታውን ግን ይሰጠኛል። በዚህ ዕድሜዬ ቀትር ምን ያደርግልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ሥራ ላለው ሰው ቀትር ዋጋ አለው፤ የጡረተኛ ሀብት ግን ጨዋታ ነው፣ ጨዋታ ደግሞ የማታ ነገር ነው።

ሌሊቱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። የቆርቆሮ ቤት ቀን የዋጠውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ሲተፋ ያመሻል፤ የሣር ጎጆ ከእሱ ይሻላል፣ ከሁለቱም ግቢው ይሻላል። አጎቴ በገመድ የተጠለፈች አልጋቸውን ግቢው መሐል አውጥተው፣ በአራት እንጨት አጎበር ወጥረው ይተኛሉ። ገመዱ ከሥርም አየር ያሳልፋል፤ ፍራሽ የሚባል ነገር እዚያ አገር ቅጣት ነው። እትዬ ግን አንድ ጊዜ ለፋሲካ ወርደው ሳለ «ሰማይ እያየኝ አልተኛም» ብለው ቤት ውስጥ ቬንትሌተር ሥር አደሩ። ሌሊት መብራት ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጎንደር ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ መተማ ሲነሣ የሚናገሩት ስለዚያች ሌሊት ብቻ ነው።

በእትዬ መፍረድ አይገባም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ መድኃኒቱም ውሃ የሚያሸና ነው። ዕድሜ ሲገፋ ላብ ይቀንሳል፣ ጥማትም ይዘገያል፤ ሽማግሌ ሰውነቱ ደርቆ ሳለ ጥሙ ላይሰማው ይችላል። ሙቀት እንዴት እንደሚገድል ዓለም በደንብ ያየው በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር ፈረንሳይ ውስጥ 15,000 ያህል ሰው በሙቀት ሞተ፤ አብዛኞቹ አዛውንቶች ነበሩ። የፓሪስ ቴርሞሜትር ያን ጊዜ ያሳየው መተማ ላይ በመጋቢት ማንንም የማያስደንቅ ቁጥር ነው። ልዩነቱ ቤቱ ብርድ እንዲይዝ ሳይሆን ሙቀት እንዲይዝ መሠራቱ፣ ቀኑም በቀትር እንዲሠራበት መደልደሉ፣ አሮጊቲቱም ብቻዋን ከጣሪያው ሥር መሆኗ ነው። በቀትር በሯን የሚያንኳኳ ነውረኛ እንኳ አላገኘችም። ቆላ መኖር ዕውቀት ይጠይቃል፤ አጎቴ ዕውቀቱን በሠላሳ ዓመት ሰብስበውታል፤ እትዬ በሥልሳኛው ዓመታቸው ከሀ ይጀምሩ ማለት ግፍ ነው።

ለነገሩ አየር ለውጦ መኖሪያ መምረጥ ለእኛ አዲስ አይደለም። ምኒልክና ጣይቱ ከ3,000 ሜትር ያለፈውን የእንጦጦን ብርድና ንፋስ ትተው ፍልውሃ ዳር የወረዱት፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስሟን ያገኘችው አንድም በዚህ ሳቢያ ነው። ዛሬ ደግሞ የአዲስ አበባው ጡረተኛ አቅም ካለው ቢሾፍቱን ወይም ሐዋሳን ያልማል። አሜሪካኖቹ ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ይወርዳሉ። ልብ በሉ፣ ሁሉም ሲያረጅ የሚሄደው ወደ ሙቀት ነው። ታዲያ አጎቴ ሲያደርጉት እብደት የሚሆነው ለምንድን ነው?

አንዱ መልስ ወባ ነው። ደገኛው ቆላን የሚፈራው በከንቱ አይደለም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ወረርሽኙ ከቆላው አልፎ ወደ ደጋው ዳርቻ በወጣ ጊዜ ወደ 150,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደፈጀ ይገመታል፤ ያ ፍርሃት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ወርዷል። ዝናቡ አልቆ ሰሊጥ በሚታጨድበት፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ከደጋ በሚወርድበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወባ ትበረታለች። ሌላው ካላዛር ነው። የመተማ ዋልካ በክረምት እግር የሚነክስ ጭቃ ነው፤ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በሽታውን የምታስተላልፈው፣ ከትንኝም የምታንሰው የአሸዋ ዝንብ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ውላ በሌሊት ትወጣለች። ይህን ሳስብ የአጎቴ የደጅ አልጋ ያስፈራኛል፤ የሚያስደስታቸውና የሚያሰጋቸው ያው አንድ ሌሊት ነው። አጎበሩን ግን አንድ ቀን ሳያስገቡ ሲቀሩ አላየሁም። መምህር ናቸው።

ሌላው መልስ መቃብር ነው፤ ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። በደጋ ሰው ሲሞት ሩቅ ያለ ዘመድ እስኪደርስ አስከሬን ሊያድር ይችላል። ቆላ አያስጠብቅም። ጠዋት የሞተ ማታ ሳይመሽ ይቀበራል፤ ዕድሩ ድንኳን ሲተክል ጎንደር ያለው ልጅ ገና መናኸሪያ ላይ ነው። ከዚያ ቆላ አስከሬን ይዞ መውጣት ለንጉሠ ነገሥትም አልሆነ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ በድርቡሾች ጥይት የወደቁት አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ከተማው ስማቸውን ቢይዝም፣ አስከሬናቸው ወደ ትግራይ በመጓዝ ላይ እያለ በጠላት እጅ ወደቀ። እትዬ ታሪኩን በመጽሐፍ አያውቁትም ይሆናል፤ ፍርሃቱን ግን ያውቁታል። «ሳላይህ ይቀብሩሃል» ነው የሚሏቸው።

አጎቴ ለዚህ ሁሉ አንድ መላ ዘየዱ። መላውን ያገኙት ከከብት ነው። ክረምት ሲገባ የደጋው ማሳ በሰብል ስለሚያዝ የጭልጋና የደንቢያ ገበሬ ከብቱን ሣር ወዳለበት ቆላ ይነዳል፤ በጋ ሲገባ ይመልሳል። «ከብት ያወቀውን እኔ አጣዋለሁ?» አሉ። የእሳቸው መንገድ የከብቶቹ ተቃራኒ ነው፤ ከኅዳር መጨረሻ፣ ወባው ሲረግብና የጎንደር ብርድ ሲጀምር መውረድ፤ በመጋቢት ሙቀቱ ሲያይል መውጣት፤ ፋሲካን፣ ክረምትንና መስቀልን ከእትዬ ጋር ማሳለፍ። የጡረታ ገንዘቡ ለሁለት ቤት አይበቃም፤ ግን የመተማዋ ጎጆ የራሳቸው ናት፣ ትራንስፖርቱ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እትዬም በብዙ ልመና እሺ አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው የጡረታ ዕቅዶች ሁሉ ብልሁ ይህ ይመስለኛል። አንድ ዓመት ሠራ።

ይህ ዕቅድ የሚቆመው ግን በመንገድ ላይ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ በጋላባት በኩል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ መተማ ገባ። በዚያው ዓመት በነሐሴ የአማራ ክልል ግጭት ተባባሰ። ከዚያ በኋላ ከጎንደር መተማ የሚወስደው መንገድ በአየር ጠባይ የሚታሰብ መሆኑ ቀረ፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፣ የተከፈተ ዕለትም የሚያስጨንቅ ነው። አጎቴ በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንድ ቀን ባገኙት መኪና ወረዱ። በመጋቢት መውጣት አልቻሉም። በሚያዝያም አልቻሉም። ሙቀቱን ለብዙ ዓመት ያውቁታል፤ ያን ጊዜ ግን አስተማሪ ነበሩ፣ ዐርባዎቹም ዓመታቸው ላይ ነበሩ። ስልክ በሠራ ቁጥር እትዬ የሚጠይቁት «ውሃ ጠጣህ?» ብቻ ነበር። እሳቸውም ምን ያህል ጣሳ እንደጠጡ ቆጥረው ይነግሩ ነበር።

የወጡት በግንቦት መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ አልወረዱም፤ እትዬም ሁለተኛ እሺ አይሉም። ጎንደር ላይ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ይዘጋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የገመድ አልጋዋን በአውቶቡስ ጣሪያ ጭነው አምጥተዋት ነበር፤ እትዬ በርበሬ ያሰጡባታል። የመተማውን ዕድር ወርኃዊ መዋጮ ግን ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር የሦስቱን የአራቱን ወር አንድ ላይ አድርገው ይልካሉ።