ብረት ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ?

ሰፈራችን ውሃ በሳምንት አንዴ ብትመጣ ነው። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ ዕቁብ ወጣላቸውና «የብረት በርሜል ልግዛ ወይስ የፕላስቲክ ታንከር?» ብለው ያዙኝ። ለአራት ልጆች እናት ቀላል ጥያቄ አይደለም!

በጉልበትማ ከሆነ ፕላስቲክ ብረትን የት ያገኘዋል! አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ተራ ብረት ስቦ ለመበጠስ 40 ኪሎ ያህል ይጠይቃል፤ ለጀሪካን ፕላስቲክ 3 ኪሎ ይበቃዋል። ግን እኮ ውሃ ተኝቶ ነው የሚቀመጠው፤ ማን ይስበዋል? ውሃና አየር ተጋግዘው ብረቱን በዝገት ይበሉታል። ፕላስቲክ ዝገት አያውቅም፤ የእሱ ጠላት ፀሐይ ናት፣ አድርቃ ትሰነጥቀዋለች። ጥቁሩን የምመርጠው ለዚህ ነው፤ የተቀላቀለበት ጥላሸት ጨረሩን ይከላከልለታል። (ነጋዴው «ቀለሙ ለውበት ነው» ቢልዎት አይስሙት።)

እና እትዬ፣ ጥቁሩን ይግዙና ጥላ ስር ያስቀምጡት። ከምድጃም ያርቁት፣ 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ኬሚካል ተይዞበት የነበረ በርሜልማ በነፃ ቢሰጡዎትም እንዳይቀበሉ።