ማስረጃ የሌለው ስም

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ዱራሜ ላይ የሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ስለ ትምህርት ቤታችን በአማርኛው ውክፔዲያ አንድ መስመር እንኳ የለም። አንተ ብዕር የምትይዝ ሰው ነህና ጻፍልን» አለኝ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውልና ማታ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ። አንድ መጣጥፍ ቢበዛ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ቢሆን ነው ብዬ እሺ አልኩት። ሦስት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ የቀረው ጽሑፍ ዐሥራ አንድ መስመር ብቻ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ከዐሥራ አንዱ መስመሮች ውጭ ስለቀረ አንድ ስም ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጠራውም። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ቀጥዬ የምለውን በሾኔም፣ በአንጋጫም፣ በዶዮገናም የተማረ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ስሙ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም።

አምስት ሆነን በስልክ እየተመካከርን ጀመርን። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ገጽ ነበር። «ታላቁና አንጋፋው»፣ «የዕውቀት ምንጭ»፣ «ስመ ጥር ልጆችን ያፈራ» የሚሉ ቃላት ሞልተውበታል። እኔ ራሴ የጻፍኩት አንድ አንቀጽ ደግሞ ስለ ግቢው ባሕር ዛፎች ነበር፤ ነፋስ ሲነካቸው የሚያሰሙትን ድምፅ ከደወሉ ጋር አስተያይቼ የጻፍኩትና እጅግ የወደድኩት አንቀጽ። ሁሉንም መሰረዝ ነበረብን።

ውክፔዲያ ማንም ሊጽፍበት፣ ማንም ሊያርመው የሚችል መዝገበ ዕውቀት ነው። በሩ እንዲህ ወለል ብሎ የተከፈተ ቢሆንም ሕጉ ጥብቅ ነው። የሚጻፈው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በታመነ ጽሑፍ ወጥቶ የተገኘ መሆን አለበት። የጸሐፊው ትዝታ፣ የጎረቤት ወሬ፣ «እኔ እዚያ ነበርኩ» ማለት ምንጭ አይሆንም። ጓደኞቼ በዚህ ሲበሳጩ እኔ ብዙም አልገረመኝም። በእኛም ሥራ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ደንበኛው ቢምል ቢገዘት፣ ገንዘብ ከፋዩ በዓይኑ ያየ ቢሆን እንኳ፣ ሰነድ ከሌለ ቁጥሩ አይጻፍም።

ከዚህም የሚብስ ጥያቄ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ለመሆኑ መጣጥፍ ይገባዋልን? በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መኖሩ ከተረጋገጠ ጽሑፉ አይሰረዝም የሚል ልማድ ለብዙ ዓመታት ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ረጅም ክርክር ተደርጎ፣ መኖር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ተወሰነ። ሌሎች ስለ ትምህርት ቤቱ በቂ አድርገው የጻፉት ነገር መገኘት አለበት። እንዲህ ያለው ሚዛን ለአንዳንዱ ቀላል ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት ከግብፅ የመጡ ቅብጣውያን መምህራን እንደነበሩት፣ የመጀመሪያው ኃላፊም ሐና ሳሊብ እንደሚባሉ ዛሬ ማንም አንባቢ ያገኘዋል። ቤተ መንግሥቱ በአጠገቡ ነበር፤ የሚጽፍ ሰው አላጣም። የእኛ ትምህርት ቤት ግን መምህራኑ በእግር ረጅም መንገድ ተጉዘው ሲመጡ ያያቸው ገበሬ ብቻ ነው፤ ገበሬው ደግሞ አይቶ አለፈ እንጂ አልጻፈም።

ከሁሉ በፊት የተጣላነው በተመሠረተበት ዓመት ነው። በበሩ ላይ ያለው ሰሌዳ አንድ ዓመት ይላል፤ ግቢውን ሲጠብቁ የኖሩ ሽማግሌ ከዚያ ሦስት ዓመት ያስቀድሙታል። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ክፍል ጭቃ የለጠፉ ሰው ናቸው፤ ሰሌዳውን የጻፈው ሠዓሊ ያን ጊዜ አልተወለደም። ሆኖም የሚነበበው ሰሌዳው ነው። «በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈው» ብለን አስገባነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ሐረግ ትልቅ ጠብ ታበርዳለች።

የከተማይቱን ስም ስንነካ ያው ጥንቃቄ ይዞን መጣ። ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር። አሁን የምትጠራበትን ስም ያገኘችው የምኒልክ ጦር በሆሳዕና ዕለት ስለገባባት ነው ተብሎ ይነገራል። ዋቸሞ የሚለው ስም ግን አልሞተም፤ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ይዞታል። ሆስፒታሉም የሐድያዋን ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ሚስት የንግሥት እሌኒን ስም ይዟል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ነገር ግን የከተማይቱ እንጂ የትምህርት ቤቱ ታሪክ አይደለም። ወደ ከተማይቱ መጣጥፍ እንዲሄድ ወሰንን። እንዲህ እንዲህ እያልን አንዱን ወደዚያ፣ አንዱን ወደዚህ ስንመድብ ከርመን «ከትምህርት ቤቱ የወጡ ታዋቂ ሰዎች» ከሚለው ርእስ ደረስን።

እዚህ ላይ ስልካችን ጋለ። አንዱ ወንበር የለገሰ ነጋዴ ይግባ አለ። ሌላው የአጎቱን ልጅ፣ መኰንኑን አመጣ። እኔም ዝም ብዬ ከቆየሁ በኋላ አንድ ስም ጻፍኩ። ጓደኞቼ ስሙን ሲያዩ ለአፍታ ማንም ምንም አልመለሰም።

በሦስተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል አብሮኝ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው። የአፍሪካን ካርታ እርሳሱን ከወረቀቱ ሳያነሣ ይሥለው ነበር። የጂኦግራፊ መምህራችን ሰሌዳው ላይ እርሱን አስቁመው እኛን ያስገለብጡን ነበር። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ አንድ ሰኞ ወንበሩ ባዶ ሆነ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከሐድያና ከከምባታ ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፤ በሞያሌ ወጥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ። ብዙዎች ደርሰዋል፤ በከተማችን ከቆሙት ፎቆች ስንቱ የእነርሱ ላብ ነው። ያልደረሱም አሉ። የእርሱ የመጨረሻ ስልክ የመጣው ከታንዛኒያ ነበር።

ሌሊት ተነሥቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩለት። «ባለ ተሰጥኦ የካርታ ሠዓሊ፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ በመንገድ ሕይወቱ ያለፈ» የሚል ነው። አገሩን ሁሉ ያራቆተ ነገር በአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ አንድ መስመር እንዴት አይኖረውም? የደረሱትን እየዘረዘሩ ያልደረሱትን መተው ሐሰት መሰለኝ። ሕጉን ብጥስ እንኳ ይህን አስገባለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ብቻ አስቀድሜ እናቱን ማስፈቀድ ተገቢ ሆኖ ታየኝ።

እናቱን በመስኮቴ በኩል አውቃቸዋለሁ። የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው። ልጃቸው ሊሄድ ሲል በስማቸው የቁጠባ ደብተር አውጥቶላቸው ነበር፤ «የምልክልሽን ታስቀምጭበታለሽ» ብሎ። ምንም አልመጣበትም። እርሳቸው ግን በየዓመቱ ያሆዴ ሲቃረብ፣ ሌላው ለበዓሉ ቅቤና በሬ መግዣ ከውጭ የተላከለትን ሲያወጣ፣ እርሳቸው ተሰልፈው ዐሥር ብር ያስገባሉ። ሒሳቡ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ እንዳይዘጋ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታሽገው ሲጓዙ የነበሩ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በዚያ ሳምንት፣ ልጃቸው ከሄደ ብዙ ዓመት አልፎት ሳለ፣ ወደ ባንኩ መጥተው «የእኔው በውስጡ አለበት ይላሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ባንክ ሁሉን የሚያውቅ ይመስላቸው ነበር።

እሑድ ከቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ፤ ቆጮ አቀረቡ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ምን ብለህ ልትጽፈው ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ከስልኬ ላይ አነበብኩላቸው። «ሕይወቱ ያለፈ» ከሚለው ስደርስ ሲኒውን አስቀመጡ።

«ማን ነገረህ?»

ዝም አልኩ።

«ያየው ሰው አለ? ወረቀት መጣ?»

«የለም፣ እማማ።»

«እንግዲያውስ እኔ ያላለቀስኩትን አንተ አትቅበረው።»

ሦስት ወር ሙሉ ለጓደኞቼ ስደጋግም የከረምኩትን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ማን አለ? የት ተጻፈ? ለሰሌዳው ዓመት፣ ለነጋዴው ወንበር፣ ለባሕር ዛፉ ሁሉ ማስረጃ ስጠይቅ ቆይቼ፣ ለሞት ግን አልጠየቅሁም ነበር። ስለ ሞቱ ከታንዛኒያ ከመጣው ስልክ ወዲህ ካለው ዝምታ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። ዝምታውን ራሴ ተርጕሜ ለአንድ እናት የመርዶ ወረቀት ልጽፍላቸው ነበር። ቀዝቃዛ የመሰለኝ ሕግ እኔን ከዚህ የሚያስጥል ነበር፤ እኔ ግን ሕጉን በራሴ ኀዘን ልሽረው ስል እናቲቱ ያዙኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። «ታዋቂ ሰዎች» የሚለውንም ርእስ በሙሉ አወጣነው። ነጋዴውም፣ መኰንኑም፣ ማንም ሳይገባ ቀረ። ስለ ስደቱ የሚነገረው ነገር በጥናት የተጻፈና የታተመ ስለሆነ፣ ቦታው ስለ ዞኑ በሚጻፈው መጣጥፍ ውስጥ ነው። እዚያ ማንም ሰው ሳይሰየም፣ ግን የሁሉም ነገር ሳይደበቅ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሕጉ ትክክል ነው ማለት የተጻፈው ሁሉ በቂ ነው ማለት አይደለም። የዱራሜው ጓደኛዬ ይህን ሳይረሳ አነሣ። ከምባታ ውስጥ ካለ ቀበሌ መጥቶ ሆሳዕና ቤት ተከራይቶ የተማረ ሰው ነው። ቅዳሜ በእግሩ ተጉዞ ቆጮውን ተሸክሞ እሑድ ማታ ይመለስ ነበር። «በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሐድያ፣ ከከምባታ፣ ከጉራጌ፣ ከስልጤ የመጣን ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተን ስንቅ ተካፍለን በላን፤ ይህን ካልጻፋችሁ ስለ ምኑ ነው የጻፋችሁት?» አለን። እውነቱን ነው። ነገር ግን ስለዚያ ስንቅ የታተመ ወረቀት የለም።

የለም ማለት ግን ሊኖር አይችልም ማለት አይደለም። ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የሐድያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 በመጽሐፍ ሲያሳትሙ አብዛኛውን የቀዱት ከሽማግሌዎች አንደበት ነበር። መጽሐፉ በ2012 በእንግሊዝኛ ወጥቶ ዛሬ ሁሉ ይጠቅሰዋል። የሽማግሌዎቹ ቃል ያው ቃል ነው፤ ሰምቶ፣ አመሳክሮ፣ የተናገረውን ሰው ለይቶ የጻፈ ሰው ሲያገኝ ግን ምንጭ ሆነ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐድይኛንና ከምባትኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ያን ጊዜ ፊደሉ የግዕዝ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁለቱም በላቲን መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ የማንበቢያ መጽሐፍ በአንዲት አሮጊት ሳጥን ውስጥ ቢገኝ፣ ስለ አካባቢው ትምህርት ከእኛ ሦስት ገጽ ውዳሴ የበለጠ ይናገራል።

ስለዚህ አምስታችን ሌላ ሥራ ጀምረናል። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ተሰብስበን የጥበቃውን ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ መምህራንን፣ ቤት ያከራዩ የነበሩ እናቶችን እናነጋግራለን። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተናገረ እንጽፋለን፤ ሁለት ሰዎች ሲለያዩ ልዩነታቸውን እንዳለ እናስቀምጣለን። አንድ ቀን በትንሽ መጽሐፍ ይታተማል። እኛ በመዝገበ ዕውቀቱ ውስጥ አናስገባውም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ፣ እኛን የማያውቅ ሰው መዝኖ ይወስናል።

የባሕር ዛፉን አንቀጽ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። እርሱ ለግጥም ይሆናል።

ባለፈው መስከረም እናቱ እንደ ወትሮው ተሰልፈው መጡ። ዐሥር ብራቸውን ተቀበልኩ፤ በደብተራቸው ላይ ቀኑን ጻፍኩ፤ ማኅተም መታሁበት። «ጻፍከው እንዴ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አልጻፍኩም፣ እማማ።»

«ጎሽ። ሲመጣ እርሱ ራሱ ይነግርሃል» አሉኝና ደብተሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። ያን ዕለት ማታ ይችን ቋጠርኩ፦

ስምህን አልጻፍኩም፣ ምስክር የለኝም፤
አልሰረዝኩህም ግን፣ ያንንም አልችልም፤
መዝገቡ ባይዝህም ቦታህ አልጠፋብህ፣
እናትህ በደብተር እየጠበቀችህ።