«ሽጧት!» ላላችሁን ሁሉ

«ያቺን ፒካፕ አሁንም አልሸጣችኋትም?» እያላችሁ ለምትጠይቁን መልሱ ይኸውላችሁ፦ አልሸጥናትም። ሞተሯን አሳደስናት።

ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ዕድሜዋ ከእኛ ይበልጣል። ሞተሯ «ቱ ኤል» የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ 2446 ሲሲ። ተርቦ የላት፣ ኮምፒውተር የላት። ሥራዋ አባባን ደሴ ካለው ቤታችን ኮምቦልቻ ወዳለው ሱቃቸው ማመላለስ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ምን አላት? ትሉ ይሆናል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ ናቸው። ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ ማንም ይወርደዋል። ማታ ዕቃ ጭኖ ሐረጎን መውጣት ነው ጉዳዩ! ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሳያረጅም ትንፋሽ ያጥረዋል። ያረጀውማ...

የእኛዋ ሕመም የጀመራት በጥቅምት 2014 ነው። ደሴ ልትያዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ዐሥራ አንድ ሰውና አንድ ጆንያ ዱቄት ጭና ደብረ ብርሃን አደረሰችን። ጣርማበር ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነክቶ ነበር፤ ግን በዚያ ቀን ማን ይቆማል? ስንመለስ ጠዋት ለመነሣት ታስቸግር፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ፣ ዘይት ትጠጣ ጀመር። ውሃዋም ይጎድላል፣ ከሥር ጠብታ ሳይታይ! ይሄኔ የመኪና ሰው «ቴስታታ» ይላል።

መካኒካችን «ልጆቼ፣ ያገለገለ ሞተር ግዙና ልቀይርላችሁ፤ በሦስት ቀን ትወጣለች» አሉን። እኛ ደግሞ በጋዜጠኝነት ተመርቀን ሥራ የምንፈልግ እህትማማቾች ነንና መጠየቅ እንወዳለን። ያ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ከመጠን በላይ ሞቆ ያውቃል? ማን ያውቃል! የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ስለማይገጥም ሌላ ወረፋ አለ። ሸጦ ሌላ መግዛትማ አይወራ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ወርቅ ሆነ። አባባ ግን ይህን ሁሉ አላሰሉም። «ልጆቼን ያወጣችልኝን አልለውጥም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚገርማችሁ ቋንቋው ነው። ቴስታታ፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴሌታ፣ ፍሪሲዮን... ጣሊያን በ1928 ደሴ ገብቶ በ1933 ተባሮ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ተደብቀው ቀሩ።

ሞተሩ ወረደ። ቴስታታው ሲነሣ በሁለት ቫልቮች መካከል ቀጭን ስንጥቅ ታየ፤ ብዙ ሲሞቅ የሚይዘው የታወቀ በሽታው ነው። «ይበየዳል» ያለንን አልሰማንም፤ አዲስ ገዛን። የእናታችን ዕቁብ የሄደው በእሱ ነው። ብሎኩ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ወረደ። ሲሊንደሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 92 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ግማሽ ሚሊ ሜትር አሰፉት፤ በዚያው ልክ ተለቅ ያለ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ገባለት። የውሃ ፓምፑና የታይሚንግ ቺንጋውም ተቀየሩ። ቺንጋው ላይ ማንም እንዳይሰስት! ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ሰከንድ።

አንድ ጠብ ብቻ ነበረን። መካኒካችን ቴርሞስታቱን ሊጥሉት አሉ። «እዚህ አገር ምን ይሠራል? ሙቀት ነው የሚያመጣው።» ብዙ ጋራዥ ያለ ልማድ ነው። በደሴ ብርድ ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ደግሞ አዲሱን ሲሊንደር ይበላዋል። ሙቀት የሚያመጣው የተደፈነ ራዲያተርና ላስቲኩ የደከመ ክዳን ነው። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ራዲያተር ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ለዚያ ሁሉ ወጪ የክዳን ዋጋ ምን አላት? «እናንተ ጋዜጠኛ ናችሁ ወይስ መካኒክ?» ብለው ሣቁብን። ቴርሞስታቱ ግን ተመልሶ ገባ፤ ራዲያተሩ ተጠረገ፤ ክዳን ተገዛ።

አሁን «ማለማመድ» ላይ ነን። ለመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት የለም፣ ሞተር ማስጮህ የለም፣ ዳገት ላይ በትልቅ ማርሽ ማስጨነቅ የለም። በእኛ መንገድ ሃያ ደርሶ መልስ ማለት ነው፤ ትናንት ዐሥራ ሰባተኛው ነበር። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሣለች። ውሃዋ አልጎደለም፤ ሰማያዊው ጭስ ጠፍቷል። ሐረጎ ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ አለ፤ እሱ የናፍጣ ፖምፓው ነው፣ ለከፍታው መስተካከል አለበት። ሃያው ሲሞላ ዘይት ቀይረን፣ ቫልቭ አስለክተን፣ ወደ ፖምፓ ባለሙያው እንወስዳታለን። እስከዚያው ማታ ማታ ከኋላችን የምትመጡ ሚኒባሶች፣ እባካችሁ ጥሩምባ አትንፉብን። በሁለተኛ ማርሽ ነው የምንወጣው።