ሲነሳ የሚረሳ መኪና

መኪናዬ ውስጥ፣ ማርሹ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ላይዋ ላይ የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ተጽፏል፤ ዙሪያውን ክብ ቀስት ይዞረዋል። ለሁለት ዓመት ያህል በየጠዋቱ ሞተር አስነሳለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ ከዚያ እሷን እጫናለሁ። ስጫናት መኪናው የትራፊክ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ሞተሩን በራሱ ማጥፋቱን ይተዋል። ማታ አቁሜው ጠዋት ስመለስ ግን ረስቶታል። ሬዲዮው የት ጣቢያ ላይ እንደነበር ያስታውሳል። ስልኬንም ገና በሩን ስከፍት ያውቀዋል። ይህችን አንድ ነገር ብቻ አያስታውስም።

ሶፍትዌር ጽፎ እንጀራ ለሚበላ ሰው ይሄ ነገር ያሳክካል። አንድን ምርጫ ለማስታወስ አንዲት ቢት ትበቃለች፤ ወይ ዜሮ ወይ አንድ። ስለዚህ መኪናው የሚረሳው አቅም አንሶት አይደለም፤ እንዲረሳ ተደርጎ ነው። ለምን?

መልሱ ያለው መንገዱ ላይ ሳይሆን ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚህ አውሮፓ አንድ የመኪና ሞዴል ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ጎማዎቹ በሚሽከረከር ሮለር ላይ ሆነው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በሰከንድ በተወሰነ ፕሮግራም ይነዳና ጭሱ ይለካል። የድሮው ፈተና 1180 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ጊዜ መኪናው ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እሱን የተካው ፈተና 1800 ሰከንድ ይወስዳል፤ የሚቆምበት ጊዜ ደግሞ ወደ 13 በመቶ ገደማ ወርዷል። ቆሞ ሞተሩን የሚያጠፋ መኪና በእነዚያ ሰከንዶች ነዳጅ አይበላም፤ ውጤቱም ያምራል።

ቁም ነገሩ ያለው ቀጥሎ ነው። አሽከርካሪው የሚቀያይራቸው ምርጫዎች ካሉ፣ ደንቡ መኪናው በተነሳ ቁጥር ሁልጊዜ የሚመለስበት አንድ ምርጫ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ትናንት በምን ላይ እንደጠፋ ለውጥ አያመጣም። እንዲህ ያለ ምርጫ ካለ ልቀቱ የሚለካው በእሱ ነው። ከሌለ ግን የተሻለውም የከፋውም ይለኩና አማካዩ ይያዛል። እንግዲህ መኪናዬ የእኔን ቃል ቢያስታውስ፣ የአምራቹ ቁጥር ወረቀት ላይ ይበላሻል። ቁጥር ሲበላሽ ገንዘብ ነው፤ አንድ አምራች ከተመደበለት አማካይ ካለፈ፣ ላለፈበት ለእያንዳንዱ ግራም በእያንዳንዱ አዲስ መኪና 95 ዩሮ ይቀጣል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ቁልፏን የምጫናት በንዴት ሆነ። አባቴ እስኪመጣ ድረስ።

አባዬ አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። ባለፈው ሐምሌ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ምን እንደሚል ለማየት ቁልፏን ሆን ብዬ ተውኳት። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ጸጥ አለ። እጁን ክሩስኮቱ ላይ አሳረፈና «ጠፋብህ እንዴ?» አለኝ። እሱ በነዳቸው መኪናዎች ሞተር መንገድ መሃል ጸጥ ካለ ወይ ነዳጅ አልቋል፣ ወይ ረዳቱ ወርዶ ሊገፋ ነው። ነገሩን ሳስረዳው ሳቀ።

«ይሄማ የኛ ሥራ ነው!»

እውነቱን ነው። ሰልፉ ሲረዝም ቁልፉን ወደ ኋላ አዙሮ ሞተሩን ያጠፋ ነበር፤ ማንም ሳያዘው፣ ለኪሱ ብሎ።

«ታዲያ አንተ ለምንድነው ዝም የምታሰኘው?» አለ።

ከቤቴ ስወጣ ወደ ግራ የምታጠፈውን መስቀለኛ መንገድ አሳየሁት። ከፊት ትራም ይመጣል፣ ከጎን ብስክሌት፤ ክፍተት ሲገኝ ወዲያው መግባት ነው። ሞተሩ እንደገና ለመነሳት አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን ያቺም ትቆጠራለች። መኪናው የባትሪውን ጉልበት፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የቀበቶዬን መታሰር ሁሉ አይቶ ነው የሚወስነው። መቆሜን ያውቃል፤ ለምን እንደቆምኩ አያውቅም።

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እኮ ሁሌ አላጠፋም ነበር። ሞተሪኖው ከደከመ አታጠፋም። ዳገት ላይ አታጠፋም። ትራፊኩ ሊለቅህ ሲልም አታጠፋም፤ ትከሻውን አይተህ ታውቀዋለህ።»

ስለ ትከሻው የተናገረው ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ክርክሬን በሁለት ከፈልኩት። ሞተር በከንቱ ማንጫረር ጥሩ አይደለም፤ እዚህ ጀርመን በትራፊክ ደንቡም የተከለከለ ነው፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ደግሞ እግረኛው መንገድ ላይ በጋሪ የሚገፋው ሕፃን ነው። ሞተሪኖውና ባትሪውም ይህን እንዲችሉ ተጠናክረው ነው የተሠሩት። ስለዚህ ዓላማው ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ የእኔን መሰልቸት ተማምኖ ከተሠራው መርሳት ጋር ነው። በሥራዬ «ዲፎልት» የምንለውን ነገር ኃይል አውቀዋለሁ፤ አብዛኛው ሰው እንዳገኘው ይተወዋል፣ የቀየረውም በየቀኑ ከታገለ አንድ ቀን ይደክመዋል።

አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን መሪው ሥር ካለው ሶኬት ጋር አገናኝቶ መኪናው ምርጫዬን እንዲያስታውስ ሊያደርግልኝ ፈልጎ ነበር። አልቀበልም አልኩት። በፈተና ጸድቆ የወጣን ነገር መቀየር ከመኪናው የመንገድ ፈቃድ ጋር ሊያነካካ ይችላል። ከዚያ በላይ ግን፣ ለዘላለም «አጥፋ» ያለው ፋብሪካና ለዘላለም «አታጥፋ» የምለው እኔ ያው ነን፤ ሁለታችንም ትከሻውን አላየንም።

አባዬ ከመመለሱ በፊት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አብረን አገላበጥን። የእኔ መኪና ላይ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ከረገጥኩ ሞተሩ ይጠፋል፤ መኪናውን ለመያዝ ያህል ብቻ ለስለስ ካደረግኩት አይጠፋም። ስተረጉምለት ሳቀና «እንዲህ ከሆነማ ቁልፉ እግርህ ላይ ነው» አለ።

አሁን ያቺን ቁልፍ የምነካት አልፎ አልፎ ነው። ባቡር የሚያልፍበት መዝጊያ ጋ ስደርስ ጠበቅ አደርጋለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሹፌርም፣ በአጠገባችን የሚያልፈውም ሰው ጸጥታውን ያገኛል። ግራ መታጠፊያዋ ላይ ስቆም ግን እግሬን ለስለስ አድርጌ ትራሙን እጠብቃለሁ።