መብረቅ ለምን ረጅሙን ይመታል?

ሒሳብ ስንማር ሁለት ምልክቶች አውቀናል። አንዱ የመደመር (+)፣ ሌላው የመቀነስ (−) ምልክት ነው። እነዚህ ምልክቶች በባትሪ ድንጋይ ላይም አሉ። እዚያ ግን ደምር፣ ቀንስ አይሉንም። የኤሌክትሪክ ሙል ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው የሚነግሩን። + ያለው ፖዘቲቭ፣ − ያለው ኔጋቲቭ ይባላል። አንድ ዓይነት ሙሎች ይገፋፋሉ፤ የተለያዩ ሙሎች ይሳሳባሉ።

እስቲ በበጋ ቀን ቅባት ያልነካው ደረቅ ፀጉር በፕላስቲክ ሚዶ ደጋግመን እናበጥር። ከዚያ ሚዶውን ወደ ጤፍ እብቅ እናስጠጋ። ሚዶው ሳይነካው እብቁ ብድግ ይላል።

ሳይነካ እንዴት ይስባል? ይህን በመስመር ያስረዳ ማይክል ፋራዴይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 ተወለደ። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሲሠራ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነው የተማረው።

መስመሮቹ ከፖዘቲቭ ይነሣሉ፤ ኔጋቲቭ ላይ ያርፋሉ። አንዱ መስመር ሌላውን አያቋርጥም። ተጠጋግተው በተሣሉበት ቦታ ኃይሉ ይበረታል፤ በተራራቁበት ይደክማል። የጎሊናን ወንዝ እናስብ። በጠባቡ ሸለቆ ሲወርድ ይምዘገዘጋል፤ ሜዳ ላይ ሲሰፋ ጉልበቱ ይቀንሳል። ልዩነቱ ግን ይኸ ነው፤ መስመሮቹ እንደ ውሃ አይፈስሱም፣ በዓይንም አይታዩም። ኃይሉ ወዴት እንደሚገፋ የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው።

አሁን ወደ ክረምታችን እንምጣ። በዞብል ተራራ ላይ ደመና ሲጠቁር በውስጡ የበረዶ ቅንጣቶች ይጋጫሉ። በግጭቱ ሙሎች ይለያያሉ። ብዙውን ጊዜ የደመናው ታች ኔጋቲቭ፣ ከሥሩ ያለው መሬት ደግሞ ፖዘቲቭ ይሆናል። መስመሮቹን ብንሥላቸው ከመሬት ተነሥተው ወደ ደመናው ይወጣሉ። ዝርግ ሜዳ ላይ ተራርቀው ይቆማሉ። ብቻውን የቆመ ግራር ጫፍ ላይ ግን ይሰበሰባሉ። ኃይሉ እዚያ ይበረታል፤ መብረቁም ብዙ ጊዜ እዚያ ይወርዳል። የቆቦ ሜዳ ደግሞ ዝርግ ነው። ዛፍ ከሌለበት ረጅሙ ነገር እረኛው ራሱ ነው።

በእኛ ዘንድ መብረቅ ሰው ሲመታ፣ “ምን ኃጢአት ቢኖርበት ነው?” የሚል አይጠፋም። መብረቅ እኮ ኃጢአት አይቆጥርም። ሐዘን የደረሰበትን ቤተሰብ በሐሜት ዳግመኛ አናቁስል።

ይልቅስ እንጠንቀቅ። ነጎድጓድ ገና በሩቁ ሲሰማ ወደ ጠንካራ ቤት ወይም ወደ ዝግ መኪና እንግባ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ እንቆይ። ቤት ሩቅ ከሆነ ከዛፍ ሥር እንውጣ፤ ከጉብታ እንውረድ። ዶማና መንሽ ከትከሻ እናውርድ። ተበታትነን፣ እግራችንን ገጥመን ቁጢጥ እንበል እንጂ መሬት ላይ አንጋደም። መብረቅ የመታው ሰው ገላ ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም። ስለዚህ ሳንፈራ እናንሣው፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

እረኞቻችን ይህን ማንበብ ካልቻሉ፣ ዛሬ ማታ እኛ እናንብብላቸው።