የማትበላው ኤሊ

ድመት አስራ በረሀብ ስለገደለችው ሴት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ታውቃለህ። ጥፋቷ ሁለት ነበር፤ አላበላቻትም፣ ፈልጋ እንድትበላም አለቀቀቻትም።

አንድ ደረሳ ከቆላ ኤሊ ይዞ ወደ ንፋስ መውጫ መጣ። ጎመን ቢያቀርብ፣ ሣር ቢያጭድ አፏን አልከፈተችም። ኤሊ የገላዋን ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ደጋችን ብርድ ሲይዛት መብላትም ሆነ የበላችውን መፍጨት ይሳናታል። በግድ ማጉረስ ይጎዳታል። ቀን ፀሐይ ማሞቅ፣ ለብ ባለ ጥቂት ውሃ ማቆየት ይረዳታል፤ ሌሊቱስ?

ልብ በል! ሣሩ ከፊቷ ተከምሮ ተራበች። ማቅረብ ብቻውን ማብላት አይደለም። ደረሳው እንባውን እየጠረገ ለአባቱ ሰጠ፤ አባትየውም ቆላ ሲወርድ ከተገኘችበት ስፍራ ለቀቃት። አማናን መመለስም እዝነት ነው። አላህ ከአዛኞች ያድርገን። አሚን!